ሆድን ስቦ መለካት

የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሮ ነበርና አንድ ቀን ጠዋት ይዤው ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ስደርስ ግን የስፌት መኪናው ለዓመታት ከኖረበት ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ባለቤቱ ደግሞ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ተቀምጠዋል። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። ያን ቀን ሜትሩ አንገታቸው ላይ አልነበረም።

«ሠርግ አለ እንዴ ጋሽ ሜትር?»

«የምን ሠርግ እህቴ! ሐኪም ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አለኝ።»

አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል።

«መኪናው የት እንደሚሄድም ንገራቸው እንጂ አባዬ» አለች።

«ይሸጣል። ገዢው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል።» ቀና ብለው ሳያዩኝ ቀጠሉ። «ልቤን ያመኝ የለ? የድሮው መድኃኒት አልሠራ አለ። ሐኪሟ ባለፈው ጊዜ ጠንከር ያለ አዘዘችልኝ። እሱ ደግሞ ዋጋው የዋዛ አይደለም።»

«አልሠራ አለ?» ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ቀን እየዋጠ አንድ ቀን እየዘለለ እንዴት ይሥራ እትዬ? አሥራ አምስት ቀን የሚበቃውን ወር ሲያደርሰው ከረመ። ሐኪሟ ስትጠይቀው ደግሞ በየቀኑ እወስዳለሁ ይላታል!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ፊት ነው።»

«ቀስ ብዬ ነበር አባዬ። ቀስ ስል መኪናው በር ላይ ደረሰ።»

የመጣሁበትን ረስቼ ቀሚሴን እንደታቀፍኩ ቆምኩ። ልውጣ ብዬም አስቤ ነበር። የሰው ገመና መስማት አልወድም፤ የራሴንም አላሰማም።

«ምን ልበላት ታዲያ?» አሉ ጋሽ ሜትር። «ዘመዴ አይደለች፣ አበዳሪዬ አይደለች። ሐኪም ፊት የለኝም ማለት መለመን ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ የለኝም ብሎ አያውቅም።»

«ለዚያ ነዋ የሞተው!»

«ምላስሽ!» አሉ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቁም ትንፋሽ አሳጥሯቸው ደረታቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። «በሽታዬን ደበቅሁ? ደረቴን ገልጬ አሳይቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እኔን አይመለከትም።»

«ኪስህን ደብቀሃላ። ይህን ልብስ ለብሰህ ስትገባ ሐኪሟ ምን ትበል? ባለ ፎቅ ናቸው ብላ ውዱን ትጽፋለች።»

«ቡትቶ ለብሼ ልሂድልሽ? ልብስ ሰፊ ቡትቶ ለብሶ ማን እሱ ዘንድ ያሰፋል?»

«ልብሱንማ ልበሰው። እውነቱን ግን ተናገር ነው የምልህ። ችግርህም እኮ የበሽታህ አንዱ ክፍል ነው።»

«ዝም አይነቅዝም ልጄ።»

የልጅቷ ቃል ትክክል ነበር፤ አነጋገሯ ግን ክፍል ውስጥ ያለች ያህል ነበር። አባትየውም ሞኝ አልነበሩም። ያ «የለኝም» ያለማለት ኩራት ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸውን አቁሞ ያቆየ ምሰሶ ነው። ሰው ያቆመውን ምሰሶ በክርክር ብቻ ነቅሎ አይጥልም።

ሁለቱም ሲደክማቸው ጋሽ ሜትር ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ አንቺ ፍረጂ እህቴ። ባልሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚሁ ጨርቅ ነው ሙሉ ልብስ የሰፋሁለት። ምን የመሰለ ሰው! የለኝም ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

«እኔም አልሰማሁም» አልኩ።

ቀሚሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ነገር ለእህቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

«ከቀብሩ በኋላ ያንን ኮት ለሰው ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ አራት የሐኪም ማዘዣ አገኘሁ። ታጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱም ፋርማሲ አልደረሰም። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩት። የመጀመሪያው አልሠራም ብሎ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው አልሠራም ብሎ ሦስተኛውን እየጻፈ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው እየተወደደ ሄዷል። ‹እየወሰድክ ነው?› ሲለው ባለቤቴ ‹አዎ› ይለዋል። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰልዎ? ‹አንድ ቀን ቢነግረኝ ሌላ መንገድ ነበረ› አለኝ።»

«ገንዘቡስ?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ያኔ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር።»

ወደ አባትየው ዞርኩ።

«ዝም ይነቅዛል ጋሽ ሜትር» አልኩ። «እኔ ቤት ነቅዟል።»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ሜትሩን ፈለገ፤ አጣው። ዓይኔን ከእሳቸው ለማንሣት መስተዋቱን አየሁ። ከመስተዋቱ በላይ በራሳቸው ጽሕፈት የተለጠፈች የቆየች ወረቀት አለች፤ ደንበኛ ሁሉ እያነበበ ይስቅባታል፦ «ሲለኩ ሆድዎን አይሳቡ።» እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አነበቧት።

«ስንቱን ተቆጥቻለሁ» አሉ። «ቀጭን ለመምሰል ሆዱን ስቦ ይለካል። ልብሱ ሲጠበው የሚሰደበው ሰፊው ነው። የሰጠኝ ልክ ውሸት ነው፣ እኔ ምን ላድርገው እላለሁ።» ወረቀቷን በጣታቸው ነኩ። «ለካ እኔም ሆዴን ስቤ ነው የተለካሁት።»

ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ለገዢው ደውዪለት። ዛሬ አይምጣ በይው። ነገ ይምጣ ግን አላልኩም!» ተነሡ። «ከረባቱን አልፈታም ደግሞ። አንቺም ካልደከመሽ አብረሽን ነዪ እህቴ፤ መሐል መንገድ ላይ ልቤ እንዳይከዳኝ።»

ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጋሽ ሜትር ገና እንደተቀመጡ፣ «ዶክተር፣ እስከ ዛሬ ሆዴን ስቤ ነው ያስለካሁሽ» አሏት።

«ሆድዎንም ያምዎታል?»

ልጃቸው ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ነገሩም በሳቁ መሐል ወጣ። አንድ ቀን ውጠው አንድ ቀን እንደሚዘሉ፣ መኪናቸውን በገመድ አስረው እንደመጡ ተናገሩ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ደነገጠች እንጂ።

«የድሮው መድኃኒት እኮ በወጉ አልተሞከረም ማለት ነው። እኔ ደግሞ አልሠራም ብዬ ጠንካራውን አዘዝኩብዎ።»

ውዱን ማዘዣ ሰረዘችው። የፊተኛውን በየቀኑ እንዲወስዱ፣ ያውም ሥራው አንድ ሆኖ ዋጋው ከሚቀንሰው ዓይነት ጻፈችላቸው። ከዚያ ምድር ቤት፣ ከካርድ ክፍሉ ቀጥሎ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ላከችን። አቅም ላጠረው ታካሚ መላ የሚፈልጉት እዚያ ነው። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ባለቤቴም የታከመው እዚሁ ሐኪም ቤት ነበር፤ ከእሱ ጋር በዚያ በር ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም። ማንበብ የሚያቅተኝ ሰው አልነበርኩም።

ሁሉ ነገር ተፈታ ብዬ አልዋሽም። የጋሽ ሜትር እግር ከልባቸው ሕመም የተነሣ አሁንም አንዳንዴ ያብጣል፤ ልጃቸውም ከደመወዟ ትደጉማለች። ነገር ግን መድኃኒታቸው ቀን አይዘልም፤ ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ አይቆሙም፤ የስፌት መኪናውም መስኮቱ ሥር ተመልሶ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል። መኪናው ሄዶ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት በምን ይገዙት ነበር? የሰው መታከሚያ ሥራው ነው። ሥራውን ሸጦ የሚታከም ሰው የሚተኛበትን አልጋ እንደሚያነድ ነው።

ቀሚሴን በሳምንቱ ሰፍተው ሰጡኝ። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት፣ «ከሌለሽ የለኝም በይ፤ አሁን እኮ ነውር መሆኑ ቀርቷል» ብለው ቀለዱብኝ። ከፈልኩ፤ ተቀበሉኝ።

ያን ዕለት ሐኪሟ ክፍል ውስጥ እውነቱን ተናግሮ ለመጨረስ የፈጀው ጊዜ መርፌ ውስጥ ክር ከማስገባት አይበልጥም ነበር። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ የታመመ ሰው ለሐኪሙ ደረቱን ሲገልጥ ኪሱንም ይግለጥ። ጤነኛውም ይጠይቅ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያዬ በየመንፈቁ ቀኑን ሳያዛንፍ ሲገባ፣ ከየት አመጣኸው ብዬ ባለቤቴን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።