ሰይድና ሶላሩ
ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዬ መርሳ ስመለስ፣ የመብራቱ መስመር አሁንም ወፍጮ የማዞር አቅም አልነበረውም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ የናፍጣ ወጪ መሯቸው ጓሮው ውስጥ ሶላር ተከሉ፤ ሞተሩን ሲያንቀሳቅስ የኖረውን ሰይድንም "ከእንግዲህ ሥራ የለህም" አሉት። እኔም "የተማርኩበት የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ የሚለው ይኸንኑ ነው፤ አዲስ ኃይል ሲመጣ የድሮ ሠራተኛ ይባረራል" አልኩት፣ እንደ ልማዴ በምሬት።

በማግስቱ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ወፍጮው ቀጥ አለ። ዕቃውን ሊወስድ የመጣው ሰይድ ወደ ጓሮ ዞረና "ሐጂ፣ ይምጡማ!" ብሎ ተጣራ። ስናይ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው እህቴ በርበሬዋን ሶላሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስጥታለች። እሷም ምንም ሳታፍር "ታዲያ ከዚህ የተሻለ ማስጫ የት አለ?" አለች። ሐጂ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ሰይድ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሶላሩ ጠባቂ ነህ!"

ሰይድ በርበሬውን እየሰበሰበ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ መጽሐፍዎ እህትዎን አያውቃትም።"