ጥለቱ ወደ ላይ የሆነው ነጠላ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጎረምሶች አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይጨቃጨቃሉ።

«እናቴን እኮ ነው የሠራኋት! በምንሠራው ጌም ውስጥ ገበያ እንድትወጣ ብዬ።»

«ነጠላዋ ተበላሽቶ ሮዝ ሆነብኝ፣ አስተካክልልኝ ያልከኝ አንተ!»

«ቀለሙን አስተካክል አልኩህ እንጂ ገልብጠው አልኩህ?»

«የጨርቁ ምስል አልገጥም ሲለኝ ገለበጥኩት፤ ገጠመ። ምን ጎደለው?»

«ጥለቱን እየው! አንገቷ ላይ ነው!»

«ታዲያ አያምርም እንዴ?»

«ያምራል? አንተ የት ነው ያደግኸው? ለቅሶ ደርሰህ አታውቅም? ነጠላውን እንዲህ አዘቅዝቆ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው!»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«ለአንተ ነው ጨዋታ! እማዬ ገና ስታየው ‹ማን ሞቶብኝ ነው?› ብላ ስልኩን ወረወረችው። አባቴ እብናት እህል ሊሸጥ ወርዶ ነበር፤ በሩ ላይ እስክታየው ድረስ እህል አልቀመሰችም።»

«በቃ፣ ስንመለስ ኮምፒውተሩ ላይ እገለብጠዋለሁ።»

«ገልብጠው! ሰው ሳይሞት ሐዘን አይለበስም!»

እኔም አንገቴ ሥር ያለውን የነጠላዬን ጥለት ቀስ ብዬ በመዳፌ ሸፈንኩት።