ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ

«ሐሳቡ የማን ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ!»

«የአንተ ነው፣ ደሳለኝ። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ይመጣሉ ብለህ ጀመርከው።»

«አባትየው እኔ ነኝ። ማሳቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ።»

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች፣ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ላይ በሚያሳዩት አጭር ኮሜዲ ነበር የሚከራከሩት።

«ሦስት ጊዜ ጻፍነው፤ ማንም አልሳቀም። ልጅቱን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም ሲሉ አንዱን ሽማግሌ ጉልበቱን የሚያመው አደረግሁት። ወንበሩን እያየ ሲያቃስት ትናንት ቢቸና ሰው በሳቅ ሞተ።»

«ዛሬ ሽማግሌውን እኔ ልሥራው።»

«በልምምድ ሞከርከው እኮ! ወንበሩን ትተህ ሰው ሰው ታያለህ።»

«እናቴ እንኳ ‹ያ ጉልበቱን የሚያመው የማን ልጅ ነው?› አለችኝ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልወጣትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ?»

«ጉልበቱን አውጣው።»

«ጉልበቱ ከወጣ ምን ይቀራል?»

«እኔ!»

ጓደኛው ሳቀ።

«ወራጅ አለ!»

«ደሳለኝ፣ ገና ጉንደ ወይን ነን እኮ! አባትየው ከሌለ ልጅቱን ማንን ልንጠይቅ ነው?»

«ጉልበታሙን ጠይቁት!»

ደሳለኝ ወርዶ በሩ ጓ ብሎ ሲዘጋ፣ ድርሰቶቼን የምጽፍበትን፣ ለማንም አሳይቼው የማላውቀውን ደብተር ከጭኔ ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።