ጠፍር የለበሰው ጋሪ

ባሌ ከፈረንጅ አንጥረኞች ዘንድ ሙያ ተምረው በአንድ ፈረስ የሚሳብ ቀላል ጋሪ ሠሩላችሁ። «እስከ ደብሩ ደጃፍ የእህትሽን ባል በቅሎ ካልቀደምሁ ጋሪውን ለማገዶ ፍለጪው!» ብለው በነፍስ አባታችን ፊት ማሉ። እኔም ምሳሬን ስዬ ጠበቅሁ። በመካከል መንኮራኩሮቹ ተሰነጠቁና ከወይራ ሌላ ቀረጹ። ዙሪያቸውን ብረት ሊያለብሱ ሲሉ የመንገዱ ሹም መጣ። «ብረትዎ ትናንት የደለደልነውን መንገድ ያርሰዋል፤ በዚህ አያልፉም» አላቸው። «አልጋችንን የያዘ ጠፍር መንኮራኩር ያቅተዋል?» አልሁ፣ ምላሴ መች ያርፋል! አዲስ ከታረደ በሬ ቆዳ ጠፍር አውጥተን ጠመጠምነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደርቆ መንኮራኩሩን እንደ ብረት ጨምድዶ ያዘው።

የውድድሩ ዕለት እኔም ከኋላቸው ተሳፈርሁ። በቅሎይቱ ጥላን ሄደች፤ ባሌ ላብ በላብ ሆኑ። ገበያው አጠገብ ስንደርስ ግን የደብረ ታቦር ውሻ ሁሉ ቆዳው ሸቶት ተግተልትሎ መጣ። ፈረሱ ደንብሮ በረረ፤ በቅሎይቱን አልፈን ደብሩ ደጃፍ ደረስን። «አየሽ የእጄን ሥራ?» አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። «አየሁ። በሉ ይውረዱና አሸናፊዎቹን ያመስግኑ» አልኋቸው። ውሾቹ ዙሪያችንን ከበው ስለ ነበር፣ ሁለታችንም እስከ ሠርክ ጋሪው ላይ ዋልን።