ታንኳዬ ውሃ የጠጣ ዕለት

ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ንቅንቅ በማይባልበት በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ገና ጎረምሳ ነኝ፤ ከዘጌ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨት አመላልሳለሁ። አንድ ጉም የሸፈነው ማለዳ ባሕር ዳር ከተማ ታንኳዬ ዘንድ የካቶሊክ መነኩሲት አንዲት ልጅ ይዘው መጡ። ደላላ “ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ” ብሎ ከዘጌ አምጥቶ ለመጠጥ ቤት የሸጣት ልጅ ናት። መነኩሲቶቹ ከዚያ አውጥተው ልብስ ስፌት አስተምረዋታል፤ አሁን ወደ እናቷ መመለሷ ነው።

የዘጌ ዳርቻ ብቅ ሲል ልጅቱ “ዳር ሳንወጣ ትንሽ ዙርልኝ” አለችኝ። ዞርሁ። ደግማ “ትንሽ” አለች፤ አሁንም ዞርሁ። ሰማዩና ውሃው አንድ ሆኑብኝ፤ የምቀዝፈው ሐይቁን ይሁን ጉሙን አላውቅም። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ከበደ፤ እግሬ ራሰ።

“እማሆይ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሏት፤ መስመጣችን ነው” አልሁ ተናድጄ።

ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል። “እስካሁን የምትሄድበትን ሌላ ሰው ነው የመረጠላት፤ ዛሬ እሷ ትበል” አሉኝ ቀስ ብለው።

መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አጋደምሁ። ታንኳው ብቻውን ተንሳፈፈ።

ብዙ ቆይታ “አሁን ውሰደኝ” አለች።

ዳር ስንደርስ ላወርዳት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብሁት። “ልያዝሽ?” አልኋት። ተሳፋሪ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

“እሺ፣ ያዘኝ” አለች።