ኖር የማይባልበት ወንበር

አቶ ቀጀላ ሾላ ገበያ ውስጥ ሲስተር ሙሚናን ከሩቅ ሲያዩ ከጤፍ ጆንያ ኋላ ተሸሸጉ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ያውም የእድር ዳኛ፣ ከነርስ መሸሸጉ ነውር መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ሲግናል አጠገብ በተተከለው የደም መለገሻ ድንኳን፣ «ጋሼ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ዛሬ አይለግሱም» ብላ የመለሰቻቸው እሷ ነበረች። የተናገረችው በቀስታ ነው፤ ሆኖም እጅጌያቸውን እያወረዱ ሲወጡ እድርተኛው ሁሉ አይቷቸዋል።

ነገሩን ያመጡት ደግሞ ራሳቸው ነበሩ። ልጃቸው ሶሬቲ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ ነፍሷን ያተረፈው ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች የለገሱት ደም ነው። አቶ ቀጀላም «እድሬን ይዤ እለግሳለሁ» ብለው ቃል ገቡ። ዳኛው ሲመለሱ ግን የእድሩ ጸሐፊ አምባዬ «ዳኛችንን የመለሰ ድንኳን እኛንስ ምን ሊለን ነው?» አለና ሰው ተበተነ። በመጪው እሑድ ለጋሾች የሚጠበቁት የካ አባዶ፣ እድሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። አሁንም ዳኛው ሳይለግሱ ከተመለሱ አንድም ሰው እጁን አይዘረጋም።

አምልጠው ወደ የካ አባዶ ታክሲ ሰልፍ ሄዱ። ለካ ሙሚናም መንገዷ በዚያው ነው፤ መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«ጋሼ ቀጀላ፣ እንዴት ሰነበቱ? ይህ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ድግስ አለ እንዴ?»

«ለግፊቴ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ እበላዋለሁ። ለነገሩ የዋሸው መሣሪያሽ ነው። እኔ በየቅዳሜው እንጦጦን ሽቅብ ወጥቼ የማላለከልክ ሰው ነኝ። ግፊት ቢኖርብኝ ዳገቱ አይጥለኝም ነበር?»

«መሣሪያውም እርስዎም አልዋሻችሁም። ዳገት መውጣት መቻል ግን ግፊት የለም ማለት አይደለም። አይቆጡኝና፣ መርፌ ይፈራሉ?»

«ወንድ ልጅ መርፌ ይፈራል?»

«ይፈራል እንጂ! እኔ ነርሷ እንኳ ሲወጉኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ፍርሃት ልብን ያስሮጣል፣ ልብ ሲሮጥ ግፊት ይጨምራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

ለኩሩ ሰው ፍርሃቱን መናገር ከእንጦጦ ዳገት ይብሳል። አቶ ቀጀላ ሰልፉን ተከትለው ሁለት እርምጃ ተጠጉ።

«ሶሬቲ የተኛች ለት ያን የደም ከረጢት ሳይ ፊቴን አዙሬ ወጣሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲህ ድንኳኑን ሳስበው እንኳ ልቤ ይደልቃል።»

«እንኳን ነገሩኝ። ድንኳኑ የመጡ ለት ደግሞ ከታክሲ ወርደው እየሮጡ ገቡ። ለድፍረት ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቻለሁ ብለውኛል። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ብለው ‹ኖር!› ይላሉ፤ ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። እየለካሁዎ እንኳ የአምባዬን ልጆች ደኅንነት ይጠይቁ ነበር።»

«ታዲያ ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልየው? አሳዳጊ የበደለኝ ነኝ እንዴ?»

«ባህሉን አልነካሁም፣ ጋሼ። ግን ግፊቱን የሚለካ ሰው ለዚያች ሰዓት እንግዳ ተቀባይ አይደለም። ቁርስዎን ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ቡናውን በኋላ ይደርሱበታል። ሽንት ቤት ሄደው ይምጡ። ከዚያ ጀርባዎን ተደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው፣ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። አየር በአፍንጫዎ ይሳቡና ቀስ አድርገው ያውጡ። ደግሞም ፍርሃት ነው ብለን አንተወው፤ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ይለኩ። እዚያም ከፍ ካለ ሐኪም ይየው እንጂ በሽንኩርት አይሸነገልም።»

«እሑድስ ብመለስ?»

«ለጤንነትዎ ተጠነቀቅን ማለት ነው። ውርደቱ ምኑ ላይ ነው?»

ይህን ለመቀበል ታክሲው የካ አባዶ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲወርዱ ግን «ሦስት ቀን አልሽኝ?» ብለው ጠየቁ።

ጤና ጣቢያው ሦስቱንም ቀን ደኅና ነው አላቸው። እሑድ አዳራሹ ጥግ ያለች ወንበር ላይ እንደተመከሩት ተቀመጡ። አምባዬ ሲገባ ጉልበታቸው ሊነሣ ከጀለ፤ ያዙት።

«ዳኛው፣ ተጣላን እንዴ?» አለ አምባዬ።

አቶ ቀጀላ ትንፋሻቸውን ቀስ አድርገው አወጡ እንጂ አልመለሱለትም። ሙሚና ለካች፣ ቁጥሩን አየች፣ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ይለግሳሉ።»

መርፌው ሲገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትንሽ አመማቸው፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። ዐርፈው፣ ጭማቂያቸውን ጠጥተው ሲወጡ ተሰልፎ የተቀመጠው እድርተኛ በሙሉ ተነሥቶ «ኖር!» አላቸው።

«በእግዜር! ተቀመጡ፣ ዛሬ መነሣት የለም» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ባለፈው የመለሰኝ ፍርሃት ነው። ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው ካለ እኔ አጠገብ ይቀመጥ።»

በዚያ እሑድ ሠላሳ ስድስት ሰው ለገሰ። መጀመሪያ ግፊታቸው ከፍ ያለው አምስት ነበሩ፤ ሦስቱ ሲረጋጉ ወረደላቸው፣ ሁለቱ ጤና ጣቢያ ተላኩ። አንደኛው ሳያውቀው የኖረ ሕመም ተገኝቶበት ሕክምና ጀመረ። ፍርሃቱን ያልደበቀ ሰው ትርፉ ይህ ነው፤ ለጋሹ ጤናውን ያውቃል፣ ወላዷ ደም ታገኛለች፣ ሰፈርም የሚኮራበት አያጣም።

አቶ ቀጀላን ከሁሉ ያኮራቸው ግን የአምባዬ ተራ ነው። ያችኑ ወንበር ይዞ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ ሲተነፍስ ደረሱ። አምባዬ ቀና ብሎ አያቸው፤ አልተነሣም፣ «ኖር»ም አላለም።

አቶ ቀጀላ ትከሻውን መታ አደረጉና «አሳዳጊህ ይባረክ!» አሉት።