በማስቲሽ የታሸገ ቁስል

ሰው የሚሸሸውን ዘመድ የሚያገኘው መሸሻ በሌለበት ቦታ ነው። ጋሽ ወስፌም የእህታቸውን ልጅ ያገኙት ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ፣ ድንገተኛ ዝናብ ሁለቱንም ከአንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ሥር ባስጠለላቸው ጊዜ ነበር። ጋሽ ወስፌ ጫማ ሰሪ ናቸው። ወስፌ ከእጃቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ይህን ስም ያወጡላቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል።

"እንደምን ዋሉ፣ አጎቴ?" አለ ልጁ ጎንበስ ብሎ።

"እግዜር ይመስገን። አንተስ? ዛሬም የሰው ሰገራ ስትመረምር ዋልክ? እናትህ ያን ሁሉ ዘመን ያስተማረችህ ለዚህ ነው እንግዲህ!"

ልጁ እየሳቀ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ወስፌ ግን ግራ እጃቸውን ሰጡት፤ ቀኙ ከኮታቸው ኪስ አልወጣም። የልጁ ሳቅ እዚያው ላይ ቀረ።

"ቀኝዎ ምን ሆነ?"

"ምንም። ቢላዋ ጫር አደረገኝ።"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

"እህ! ሐኪም ነኝ ልትል ነው?"

"አይደለሁም። የእህትዎ ልጅ ነኝ። ያሳዩኝ።"

እጃቸውን አወጡ። አመልካች ጣታቸው አብጦ መታጠፍ አቅቶታል። በቁስሉ አፍ ላይ ቢጫ ማስቲሽ ደርቆ ተጋግሯል፤ ከሥሩ የሚወጣው ሽታ በዝናቡ ውስጥ እንኳ ይታወቃል። ከጣቱ የተነሳ ቀይ መስመር በእጅጌያቸው ሥር ወደ ክንዳቸው ይወጣል።

"የጫማ ማስቲሽ?" አለ ልጁ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"ታዲያ በምን ልዝጋው? ለሶል ዝናብ የማያስገባ ነገር ለቁስል ቆሻሻ ያስገባል? ደግሞ ባዶውን አልዘጋሁትም። መጀመሪያ ካፕሱል ፈትቼ ዱቄቱን ነስንሼበታለሁ።"

ይህ የጋሽ ወስፌ ብቻ ጥበብ አልነበረም። በጫማ መሥሪያቸው መስኮት ላይ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ። ታሞ ሻል ያለው ሁሉ የተረፈውን መድኃኒት ለሚቀጥለው በሽተኛ እዚያ ይጨምራል። የጉሮሮው ከሆዱ፣ የአምናው ከዘንድሮው ተቀላቅሎ ይኖራል። የተረፈውን ቤቱ የሚያስቀር ሰው ንፉግ ይባላል። ከክፋት የመጣ ስህተት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ራሱ አንድ ቀን ያፍርበት ነበር፤ ከደግነት የመጣውን ግን ሰው እንደ ወግ ማዕረጉ ይዞት ይኖራል።

"እና አሁን ከመድኃኒት ቤቱ ምን ገዙ?"

"የጣሳው አልያዘልኝም። ሁለት ፍሬ ልጨምር ብዬ ነው።"

"አጎቴ፣ ይስሙኝ። ቁስልዎ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባል ተሕዋስ ገብቷል። በዓይን አይታይም። ከቆዳው፣ ከቢላዋው፣ ከራሳችን እጅም ይመጣል። እርስዎ በማስቲሹ እንዳይገባ የከለከሉት መስሎዎታል፤ የገባውን ነው በር ዘግተው ያስቀመጡት። አሁን ውስጥ ሆኖ እየተራባ ነው።"

"የማይታይ!" አሉ ጋሽ ወስፌ። "እኛ የማይታይ ነገር ስናወራ ኋላ ቀር እንባላለን። እናንተ ስታወሩት ሳይንስ!"

"እኔ የኔን ላሳይዎ እችላለሁ።"

"ሳቂታውን ያላዳነ ሆስፒታል እኔን ሊያድነኝ? በገባ በማግሥቱ አይደል ሬሳው የወጣ?"

ሳቂታው ከጎናቸው ተቀምጦ ይሠራ የነበረ ባልደረባቸው ነው። ባለፈው ክረምት ምስማር እግሩን ወጋው፤ እሱም ከጣሳው ዋጠ፣ በማስቲሽ ዘጋ፣ ሥራውን ቀጠለ። ሲሞት የሰው ዓይን በላው ተባለ።

"ሲመጣ የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር" አለ ልጁ። "ስሙን እንኳ ሊነግረን አልቻለም። ይሄ ቀይ መስመር የሚሄደው ወደዚያው ነው። ነገ እመጣለሁ ካሉኝ፣ ነገ የማነጋግረው አልቃሽ ነው።"

ጋሽ ወስፌ እጃቸውን አዩት። በዚያ እጅ ልጆች አሳድገዋል። ወስፌ የማይዝ ወስፌ ምን ይባላል? ዝናቡ ሳያባራ ተከትለውት ሄዱ።

በሆስፒታሉ አንዲት ሐኪም ማስቲሹን ስትፈነቅለው የወጣውን መግል እዚህ ላይ መጻፍ አልወድም። ጋሽ ወስፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት። የእህታቸው ልጅ ከመግሉ ናሙና ወሰደ፤ እሳቸውም በደም ሥራቸው መድኃኒት እየተንጠባጠበላቸው ከሚያቃስቱ ሰዎች መሃል ተኙ።

ውጤቱ ሲደርስ ልጁ ደግፎ ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ወሰዳቸው። ከመስተዋቱ ማዶ ክዳን ያላት ትንሽ ሳህን አነሳ። በላይዋ ላይ እንደ ቅባት የመሰለ ነገር ሞልቶ በቅሏል።

"ይሄ ከእርስዎ ጣት የወጣው ነው። አንዱ ብቻውን አይታይም፤ ምግብና ሙቀት ስንሰጠው ግን እንዲህ ይበዛል። በአጉሊ መነጽርም አይቼ የየትኛው ዘር እንደሆነ ለይቼዋለሁ። እነዚህን ክብ ወረቀቶች ያዩዋቸዋል? እያንዳንዳቸው የተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ናቸው።"

ጋሽ ወስፌ ዓይናቸውን አጠበቡ። በአንዷ ወረቀት ዙሪያ ባዶ ሜዳ አለ፤ ተሕዋሱ ሸሽቷል። ሌሎቹን ግን እስከ ጫፋቸው ከቧቸው በቅሏል።

"እነዚህ የከበባቸው የትኞቹ ናቸው?"

"ጣሳችሁ ውስጥ ያሉት ዓይነት ናቸው፤ ተሕዋሱን መግደል አቅቷቸዋል። ሻል ሲላችሁ የምታቋርጡት፣ አንድ ሁለት እያላችሁ የምትውጡት መድኃኒት ደካማውን ተሕዋስ ይገድላል፤ ብርቱውን ያስተርፋል። ብርቱው ይወልዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ?"

ጋሽ ወስፌ ከመስተዋቱ ራቅ አሉ።

"ለሳቂታው ከጣሳው አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ዋጥ አድርገው፣ ይለቅሃል አልኩት።"

ልጁ አይዞዎት አላለም። ውሸት ይሆንበት ነበርና። "በጊዜው ቢመጣ መዳን ይችል ነበር" አለ ብቻ።

በማግሥቱ ሐኪሟ መግሉ አጥንቱን እንደበላው ነገረቻቸው። ጣቱ ካልተቆረጠ እጁ ይከተላል፤ እጁ ከተከተለ ሰውየው። ጋሽ ወስፌ አልተከራከሩም። "ቁረጭው፣ ልጄ" አሉ። "እኔ ስንት የበሰበሰ ሶል ቆርጬ ጫማ አትርፌአለሁ።"

እጁ ተረፈ። ወደ ጫማ መሥሪያው ሲመለሱ ጓደኞቻቸው ባለ አራት ጣቱን እጅ አይተው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቀለዱ።

"ዶክተር ወስፌ! ምን አዲስ ነገር ተማርክ?"

"በጣት የተከፈለበት ትምህርት ነውና ጸጥ ብላችሁ ስሙ" አሉ ጋሽ ወስፌ። "የተቆረጠ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ያጥባል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍናል። ማስቲሽ ለሶል ነው። ምስማር የወጋው የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ሊወጋ ይሄዳል። ካበጠ፣ ካተኮሰ፣ ከቀላ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። መድኃኒት የሚመረጠው በምርመራ እንጂ በቀለሙ አይደለም። የታዘዘውም ተቆጥሮ እስከ መጨረሻው ይዋጣል። እንዲህ ያደረገ ሰው በሳምንቱ ሥራው ላይ ነው፤ ያላደረገው እኔን ይመስላል፤ ካልሆነም ያን ባዶ ወንበር።"

ወደ ሳቂታው ወንበር ማንም ቀና ብሎ አላየም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ቆዳ ቆራጭ ግን ገና ቅር እንዳላቸው ነበሩ።

"እሺ ይሁን" አሉ። "ግን አንተ ሐኪም ያዘዘልህን ሁሉ ቆጥረህ ውጠህ ከጨረስክ፣ ለኛ ምን ልታስተርፍልን ነው?"

ጋሽ ወስፌ በአውራ ጣታቸውና በመሃል ጣታቸው ወስፌውን ለመያዝ እየታገሉ ነበር። ሾለከባቸው። ጎንበስ ብለው ከወለሉ አነሱት።

"ምንም" አሉ። "እናንተ ጣታችሁን አስተርፉ።"